የራሺዳ አፓ ቀይ እርሳስ

ራሺዳ አፓ የተቀበሩት እኔ አትላንታ አጠገብ ብሩክሄቨን ውስጥ የሌላ እናት እግር ሳጥብ ነው። የልጃቸው የጉልናራ መልእክት ስልኬ ላይ የገባው በማግስቱ ነበር። «እማዬ ዐረፈች። በእኛ ሥርዓት ቀብር ስለማይዘገይ ትናንት ቀበርናት። እንድታውቂ ብዬ ነው» ይላል።

እርሳቸው ቢሰሙት ኖሮ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ያወጧት ነበር። «እንድታውቂ ብዬ ነው? ደብዳቤ ሌላ ለምን ይጻፋል?» የሚል ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ መጣ። መኪናዬን ፓርክ እንዳደረግኩ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቁ ቀጥሎ እንባ መጣ። ከእንባው ቀጥሎ የመጣው ግን ሳቅም እንባም አይደለም፤ እስከ ዛሬ ከደረቴ ላይ አልተነሣም። እኚህ ሴት አንድ ነገር አድርጊልኝ ብለውኝ አላደረግኩትም። አድርጌዋለሁ ብዬም ዋሽቻቸዋለሁ።

«አፓ» በቋንቋቸው ታላቅ እህት እንደ ማለት ነው፤ የምትከበር ሴት ሁሉ እንዲያ ትጠራለች። ራሺዳ አፓ ታታር ነበሩ። ታታሮች ሩሲያ ውስጥ በቮልጋ ወንዝ ዳር የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ ሕዝብ ናቸው። ይህንንም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ካዛን በምትባለው ከተማቸው ሠላሳ ዓመት ያህል የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አዘጋጅ ሆነው ሠርተዋል። የራሳቸውን አጫጭር ታሪኮችም ጽፈዋል። ባለቤታቸው ሞተው ዓይናቸውም ሲደክም፣ አንድያ ልጃቸው ጉልናራ ወደ አትላንታ አመጣቻቸው።

ሥራውን የነገረችኝ ሰብለ ናት፤ በአንድ የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲ አብረን እንሠራ ነበር። ከቅዳሴ ወጥተን ነጠላችንን እያጣፋን፣ «አስካለ፣ አንዲት የሩሲያ ሴትዮ አሉልሽ» አለችኝ። «ሦስት ኬርጊቨር አባረዋል። እስኪ አንቺ ትራይ አድርጊያቸው። ብቻ አፍሽን ጠብቂ፤ ሰው ሲናገር ሲያርሙ ነው የሚውሉት።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ ነዋ! ራሳቸው በማይችሉት!»

እውነቷን ነበር። እርሳቸውም እኔም እንግሊዝኛን እንደ ተውሶ ጫማ ነበር የምንጫማው። መጀመሪያ ቀን «ሩሲያዊት ነዎት አሉ» ብላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዘነበሉና፣ «አንቺ ደግሞ ግብጻዊት ነሽ መሰለኝ፤ ያው ዓባይ አንድ ነው» አሉኝ። የዓይናቸው መሐል ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነበር የቀረው። ሰው ሲያዩ ጆሮውን የሚያዩ ይመስሉ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ብርጭቆ ከእጄ አመለጠ።

«ብርጭቆው ተሰበረ» አልኳቸው።

«ራሱን ገደለ?»

ስብርባሪውን ልለቅም ጎንበስ አልኩ።

«ማን ሰበረው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እንደሱ በዪ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች ‹ተደረገ፣ ተባለ፣ ጠፋ› እያሉ ሲጽፉልኝ ኖሩ። እኔ ዳር ላይ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምጽፍላቸው። ‹ማን?›»

እንዲህ ነበሩ። የገበያ ዝርዝሬን ሳይቀር አንብቢው ብለው፣ «ሽንኩርት ሁለት ጊዜ አለ፣ አንዱን አውጪ» ይላሉ። ሐኪሙ ሩብ ሰዓት አስረድቷቸው ሲወጣ፣ «‹መድኃኒት የለውም› ለማለት ነው ይህ ሁሉ?» ብለውኛል። በረዶ ጥሎ አትላንታ መንገዷ ተዘጋግቶ ሰው ሁሉ መኪናው ውስጥ ባደረበት ክረምት፣ ስኔልቪል ካለው ቤቴ መውጣት አቅቶኝ ብደውልላቸው፣ «በመስኮት በኩል እያየሁት ነው። ይህ በረዶ አይደለም፣ የበረዶ ረቂቅ ነው» አሉ። ሻይ የሚጠጡት በወተት ነው፤ ለእኔም ይቀዱልኛል። «አፓ፣ ጾም ነው» ስላቸው፣ «እናንተ የማትጾሙበትን ቀን ብትነግሪኝ ይቀላል» ብለው ወተቱን ከፊቴ ያነሡታል። ጾሜን ግን አንድም ቀን አልረሱትም። ስጋ ያለበት ቂጣቸውን ሲጋግሩ፣ ለእኔ በሦስት ማዕዘን አጥፈው ድንች ብቻ ይሞሉልኝና ጫፉ ላይ በጣታቸው ምልክት ይተዉበታል። ዓይናቸው አጥርቶ አያይም፤ የእኔን የሚለዩት በመዳበስ ነው።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ከካዛን ከባድ ፖስታ መጣ። ጉልናራ ሥራ ነበረች፤ የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፣ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ራሺዳ አፓ ፖስታውን አስከፍተውኝ ወረቀቱን በመዳፋቸው ሲዳብሱ ቆዩ። ከዚያ ከቁም ሣጥናቸው ታች አንድ ሹራብ እንዳወጣ ላኩኝ። ሹራቡ ውስጥ የተጠቀለሉ፣ በታይፕ የተመቱ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የወየቡ ገጾች ነበሩ።

«ዐሥራ አንድ ናቸው። ቁጠሪ» አሉኝ። ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ ናቸው።

«ናጂያ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ» አሉ። «አብረን ተማርን፣ አንድ ክፍል ተከራይተን ኖርን። እሷ ደራሲ ሆነች፣ እኔ አርታዒ ሆንኩ። የመጀመሪያ መጽሐፏ ያለፈው በእኔ እጅ ነው። ስለ ተወለደችበት መንደር ነው። መሐሉ ላይ ስለ ረሃቡ የምትናገርባቸው ገጾች ነበሩ። በዚያ ዘመን ረሃብ ነበረ ማለት አይፈቀድም። ገጾቹ ወጡ።»

ሳንሱር ማለት ምን እንደ ሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በእኛም አገር ረሃብ የሚለው ቃል ከረሃቡ ይልቅ የተፈራበት ጊዜ ነበር። ግን እርሳቸው ያስለመዱኝ ጥያቄ አፌ ላይ ቀድሞ መጣ።

«ማን አወጣቸው?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ሻይ ቀዝቅዟል» አሉኝ።

ናጂያ ከዚያ በኋላ አናግራቸው አታውቅም፤ ከሞተችም ብዙ ዓመት ሆኗታል። አሁን ካዛን ውስጥ መጽሐፉን እንደገና የሚያሳትሙ ሰዎች ተገኝተዋል። ራሺዳ አፓ የጎደለውን እንዲመልሱ፣ ያኔ እርሳቸው የጻፉለትን መግቢያም እንዲያርሙ ነው የላኩላቸው።

«ታናሽ እህቷ መንደሩ ውስጥ አለች» አሉ። «ዘጠና ሊሞላት ነው። እሷ ሳትሞት፣ እኔም ሳልሞት፣ ይህ መጽሐፍ ተቃንቶ እጇ መግባት አለበት። ከዚህ ሌላ ከአላህ የምለምነው የለኝም። አንቺ ታነቢልኛለሽ።»

«እኔ? ጉልናራ አለች እኮ፣ አፓ።»

«ጉልናራ ቋንቋውን ታውቃለች። አንቺ አታውቂም። ስለዚህ አንቺ ታነቢልኛለሽ።»

«አልገባኝም።»

«እሱን ነው የምልሽ!»

ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

የማያውቁትን ቋንቋ ማንበብ ለሌላው ሰው እብደት ይመስለዋል፤ ለእኔ ግን ያደግኩበት ነው። አባቴ «ሴት ልጅ ምን ሊረባት» የሚለውን ሁሉ ሳይሰማ የኔታ ዘንድ አስቀምጦኝ፣ ፊደል ቆጥሬ፣ በግዕዝ ጸሎት መድገም የተማርኩት ትርጉሙን ሳላውቅ ነው። አንዲት ፊደል ማጉደል ግን ኀጢአት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ይህን ስነግራቸው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። እርሳቸውንም በልጅነታቸው አክስታቸው መጋረጃ ዘግተው የዐረብኛ ጸሎት ያስጠኗቸው ነበር። «አንድ ቃል አልገባኝም፤ አንዲት ፊደልም አልረሳሁም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሦስት ሳምንት ጠዋት ፈጀብን እንጂ ፊደላቸውን በትልልቁ እየጻፉ አስያዙኝ።

ማንበብ ጀመርን። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። በጣታቸው ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ሲመቱ ቀጥዪ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲመቱ ተመለሽ ነው። ቀይ እርሳሱን የምይዘው እኔ ነኝ። «ከዚህ ቃል እስከዚህ ቃል ሰርዢ» ይላሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው የእርሳሱን ድምፅ ይጠብቃሉ። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ካልሰሙ ወደሚቀጥለው አያልፉም።

መጀመሪያ መጀመሪያ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። የማላውቀውን ቃል መሰረዝ ያልበደለኝን ሰው እንደ መምታት ሆነብኝ።

«ፈሪ ነሽ» ይሉኛል። «አርታዒ የሚያስፈራው ሳይሰርዘው የቀረው ነው፤ የሰረዘው አይደለም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «አንዳንዴ የሰረዘውም» አሉ።

ዐሥራ አንዱን ገጾች ያነበብን ቀን ጣታቸው ጠረጴዛውን አልመታም። ስጨርስ ጉንጫቸው ርሶ ነበር። ምን እንደሚል ጠየቅኳቸው። «አንዲት ልጅ በየጠዋቱ ተነሥታ ጭስ የሚወጣባቸውን ቤቶች ትቆጥራለች። ሃያ ስድስት ብላ ትጀምራለች። መጨረሻ ላይ መቁጠር ትተዋለች። ይኸው ነው» አሉኝ። «አንዲት ቃል አትነኪ። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ነው የገባው።» ጥሩ ዐረፍተ ነገር በር ላይ ጫማውን አውልቆ የሚገባ እንግዳ ነው ይሉ ነበር፤ ጭቃውን ይዞ አይገባም።

መግቢያው ለመጨረሻ ተቀመጠ። ነገ ነገ እያሉ ሲያዘገዩት ከረሙና፣ ያነበብነው በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነው። እኔ ስግደቱም ጾሙም ጉልበቴን ጨርሶት ነበር። እርሳቸውም ሌሊቱን አልተኙም፤ ጠዋት ስገባ፣ «ከሞትኩ በኋላ ስሜን ማን ያነሣዋል? ባይነሣም ይሻላል» ሲሉኝ ነው የተቀበሉኝ።

ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ መቱ። ተመልሼ አነበብኩ። እንደገና ሁለት ጊዜ መቱ። ሦስተኛ ጊዜ ሳነብ መሐል ላይ አቋረጡኝ።

«እነዚህን አራት መስመሮች ሰርዢ» አሉኝ።

መስመሮቹን አየኋቸው። የማውቃቸው ሁለት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ናጂያ፣ አንዱ ራሺዳ። በዚያ መግቢያ ውስጥ የሁለቱ ስም ጎን ለጎን የተጻፈው እዚያ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሆንኩትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በእኛ ዘንድ ሰው ክፉኛ ሲረገም ስሙ ከመጽሐፍ ይፋቅ ይባላል። ከዚህ የባሰ እርግማን አልሰማሁም። እኚህ ሴት ተስፋ ቆርጠው በገዛ አፋቸው የራሳቸውን ስም ከጓደኛቸው አጠገብ ሊያስፍቁ ነው አልኩ፤ ያውም በእኔ እጅ፣ ያውም በዚያ ሳምንት። ነገ ሲረጋጉ ይጸጸታሉ አልኩ። ምን ይላል ብዬ ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኩም። ያወቅኩ መሰለኝ።

ከገጹ ጎን የግሮሰሪ የማስታወቂያ ወረቀት ተዘርግቶ ነበር። እርሳሱን እዚያ ላይ አድርጌ አራት ጊዜ አሰመርኩ።

«ሰረዝሽ?»

«ሰረዝኩ።»

«ዳሩ ላይ ደግሞ የምልሽን ጻፊ» አሉኝ። ፊደል በፊደል ጠሩልኝ፣ እኔም ፊደል በፊደል ጻፍኩ፤ ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። የናጂያ ስም አለ፤ የራሺዳ የለም። ይህም ይበልጥ ያሰብኩትን እውነት አስመሰለብኝ። ሲያበቁ እጃቸውን ዘረጉና ቀይ እርሳሱን ተቀበሉኝ፤ መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» አሉ። ያን ቀን ሾርባውን እስከ ታች ጠጡት፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም።

ፖስታ ቤት የወሰድኩትም እኔው ነኝ። በር ላይ ፓርክ አድርጌ ፖስታውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቆየሁ። ልክፈተው? ቦርሳዬ ውስጥ እስክሪብቶ አለ። አራት መስመር ነው። ግን ያን ብሰርዝ ስማቸውን መፋቄ ነው፤ ባልሰርዝ መዋሸቴ ነው። ከኋላዬ አንዱ ጡሩምባ ነፋ፤ ፓርኪንጉን ፈልጎ ነው። ወረድኩና ፖስታውን እንዳለ ሰጥቼ መጣሁ።

ለሰብለ በፋሲካ ማግስት ነገርኳት። «እና? ሰው ገደልሽ እንዴ?» አለችኝ። «መስመር እኮ ነው! አንቺ ደግሞ ኦቨርቲንክ ታደርጊያለሽ። እዚያ ያሉት ሰዎች ያርሙታል።» አላረሙትም። ራሺዳ አፓ «ከእጄ ከወጣው አንዲት ፊደል እንዳትነኩ» ብለው አስጠንቅቀው ጽፈውላቸው ነበር።

መጽሐፉ የመጣው በመስከረም ነው፤ ግራጫ ሽፋን ያለው፣ ቀጭን። ሦስት ቅጂ ነበር። አንድ ቅጂ ደግሞ በቀጥታ ለናጂያ እህት ተልኳል። ራሺዳ አፓ መጽሐፉን አሸተቱት፣ ጀርባውን ዳበሱት፣ ከዚያ እኔ ወደምቀመጥበት ገፋ አደረጉልኝ።

«መግቢያውን» አሉ።

አነበብኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ አራቱ መስመሮች እንዳሉ ናቸው፤ ከእነሱ ሥር ደግሞ በእጄ የጻፍኳቸው ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ታትመዋል። ጣታቸው ከጠረጴዛው በላይ ተንሥቶ ይጠብቃል። በዕድሜዬ ካነበብኩት ጽሑፍ አንዲት ፊደል አጉድዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አራት መስመር ዘለልኩ። ሦስቱን ዐረፍተ ነገሮች አነበብኩላቸው።

ጣታቸው አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን መታ።

«ራህመት፣ ቂዚም» አሉኝ። አመሰግናለሁ፣ ልጄ ማለት ነው። ግንባሬን ሳሙኝ። «አሁን ናጂያ ዘንድ ብሄድ በር ትከፍትልኛለች።»

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ኬኔሶ አካባቢ ወደሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ፤ የእኔም ሥራ አበቃ። በወር አንዴም ሁለቴም እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። መጀመሪያ እንግሊዝኛው ጠፋ፣ ከዚያ ሩሲያኛው። የቀረው ታታርኛ ብቻ ነው። ነርሶቹ እየዞሩ «ሐኒ፣ ምን ፈለግሽ?» ይሏቸዋል፤ እርሳቸው ረጅም፣ የተስተካከለ፣ የሚያምር ነገር ይመልሳሉ፤ የሚሰማው ግን አንድ የለም። እኔ ማንበብ እንጂ መናገር አልችል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ መጽሐፉን አነብላቸዋለሁ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እዘላለሁ። ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ አንድ ጊዜ ይመታል። ልንገራቸው ብል በምን ቋንቋ? ይቅርታ ብል ማን ይሰማኛል? እንዲያው እጃቸውን ይዤ ቆይቼ እመጣለሁ።

እነርሱም እንደ እኛ ሦስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ አርባውን ያስባሉ። በአርባቸው ቀን ጉልናራ ቤት ሄድኩ። ሰዉ በልቶ ጸልዮ ከተበተነ በኋላ ሳህን ሳጥብላት፣ «ተዪው፣ ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ግራጫው መጽሐፍ ነበር።

«በሕይወት እያለች አንድም ቀን እንዳነበው አልፈቀደችልኝም» አለች። «በዚህ ሳምንት አነበብኩት። አስካለ፣ እናቴ ያኔ አእምሮዋ ልክ ነበር?»

«እንዴታ! ከእኔ የበለጠ።»

«እንግዲያው ይህን አስረጂኝ።» ሦስተኛውን ገጽ ገልጣ ቀስ እያለች ተረጎመችልኝ። «‹ስለ ረሃቡ የሚናገሩትን ገጾች ናጂያ ራሷ ደካማ ናቸው ብላ በፈቃዷ ትታቸዋለች። ለዚህ እኔ ራሺዳ ምስክር ነኝ።› ይኼ ድሮ የጻፈችው ነው። ሥሩ ደግሞ ምን ይላል? ‹ገጾቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ናጂያ አልፈቀደችም። መልሼላታለሁ።›»

ገጾቹ ወጡ ያሉኝን፣ ማን ብዬ ስጠይቅ ወደ መስኮቱ የዞሩትን፣ አንቺ አታውቂምና አንቺ ታነቢልኛለሽ ያሉኝን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሰማሁት። በልጃቸው ማስነበብ ያፈሩበትን ነገር ነበር በእኔ አፍ የሰሙት። ያን ረቡዕ ሊያሰርዙኝ የፈለጉት ስማቸውን አይደለም፤ ውሸታቸውን ነው። የኖሩት እነዚያን አራት መስመሮች ለማሰረዝ ነበር።

«የናጂያ እህት ጻፈችልኝ» አለች ጉልናራ። «‹እናትሽ በአንድ ገጽ ላይ በሁለት አፍ ተናገረች። የትኛውን ልመን? እስከ መጨረሻው ምስክር ነኝ አለች› አለችኝ። ለእማዬ አላነበብኩላትም፤ ያኔ የሚነገራትን አትለይም ነበር።»

«ጻፊላት» አልኳት። «ዛሬውኑ ጻፊላት። እናትሽ ሰርዢ ብለውኝ ነበር። አልሰረዝኩትም። እኔ ነኝ። እኔ አልሰረዝኩትም፣ ሰርዣለሁ ብዬም ዋሸኋቸው።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ የግሮሰሪውን ወረቀት፣ ፖስታ ቤቱን፣ የዘለልኩትን። ጉልናራ የገጹን ጠርዝ በጣቷ እያስተካከለች ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እህትየዋ ከእማዬ በፊት ነው የሞተችው» አለች በመጨረሻ። «የሚጻፍለት ሰው የለም።»

ተነሥታ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ቀይ እርሳሱን ይዛ መጣችና መጽሐፉ አጠገብ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም፣ ይቅር አልኩሽም አላለችም። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች፤ ልክ እንደ እርሳቸው።

የታተመው ስንት እንደ ሆነ አላውቅም። በየሰዉ ቤት፣ በየቤተ መጻሕፍቱ፣ በዚያች መንደር በሟቿ እህት ሣጥን ውስጥ እነዚያ አራት መስመሮች እንዳሉ አሉ፤ እኔ ደግሞ እዚያ አልደርስም። ከፊቴ ያለው አንዱ ነው። እርሳሱን አነሣሁና ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ እስከ ስማቸው ድረስ፣ ከስማቸውም አልፌ እስከ ነጥቡ ድረስ አሰመርኩ። አራት መስመር።

ድምፁን አዳመጥኩት። በግሮሰሪው ወረቀት ላይ ካሰማኋቸው ድምፅ ምንም ልዩነት የለውም።